የጠየቃችሁን፦ የጥበብ ጥርስ ራጅ የልደት ዓመት ይነግረናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ የተወለደው ዘጌ ነው፤ የልደት ሰርተፊኬት የለውም። እናታችን «በሚሌኒየሙ ዓመት፣ በጥምቀት ነው የወለድኩት» ትላለች። መታወቂያው ላይ ግን 1998 ተብሎ ተጽፏል። አሁን ለአንድ ጉዳይ ማረጋገጫ አምጡ ተባልን። የጥበብ ጥርሱን ራጅ ብናስነሳው ይለይልናል?
እህቱ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ 1998 ነው ወይስ 2000 የሚለውን ራጅ አይለይልዎትም፤ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ይወቁት። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆች የጥበብ ጥርሳቸው ሥር በሁለት ዓመት ሊበላለጥ ይችላል፤ እናንተን ያከራከረው ደግሞ ያው ሁለት ዓመት ነው። ጥርሱ በመጠኑ የሚመልሰው «18 ሞልቷል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው።

ለዚህ የተመረጠው በዚያ ዕድሜ ገና እያደገ ያለ ጥርስ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። አናቱ በ9 ዓመት ገደማ መጠንከር ይጀምራል፤ የሥሩ ጫፍ የሚዘጋው ግን ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 25 ባለው ነው። ሐኪሞች እድገቱን ዴሚርጂያን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት መለኪያ ከኤ እስከ ኤች በስምንት ደረጃ ይከፍሉታል። ጂ ላይ የሥሩ ግድግዳ ጎን ለጎን ወርዶ ጫፉ ክፍት ነው፤ ኤች ላይ ተዘግቷል። ኤች የደረሰ ሰው 18 የሞላው የመሆኑ ዕድል በአሜሪካ በተደረገ ጥናት 90 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ቀሪው 10 በመቶ ቀላል አይደለም።

ሌላው ካሜሪዬሬ የተባሉ ተመራማሪ ያወጡት ስሌት ነው። በታችኛው መንጋጋ የጥበብ ጥርስ የሁለቱ ሥሮች ክፍት ጫፍ ስፋት ተደምሮ ለጥርሱ ርዝመት ይካፈላል። 0.8 እና 0.6 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ፣ ርዝመቱም 20 ቢሆን፣ ውጤቱ 0.07 ነው። የስሌቱ ወሰን ከሆነው ከ0.08 በታች ስለሆነ «18 ሞልቶታል» ይባላል። ድምሩ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ 0.10 መጥቶ «አልሞላውም» ይባል ነበር። በሁለቱ ድምሮች (1.4 እና 2) መካከል ያለው ልዩነት 0.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ምስሉ ከደበዘዘ ለካሁት የሚለው ሰው ገመተ እንጂ አልለካም። ፓኖራሚክ ራጅ፣ ማለትም መላውን መንጋጋ በአንድ ምስል የሚያሳየው፣ ምስልን ያጎላል፤ ማካፈሉ ይህን ያጣፋዋል፣ ብዥታን ግን አያጠፋም።

ስለዚህ ከተነሳም በደንብ ይነሳ። ጉትቻ፣ መነጽርና የፀጉር ብረት ይውለቅ፤ የአንድ ጆሮ ጉትቻ ጥላውን በሌላው ጎን ይጥላል። የማተቡ ክር ችግር የለውም፣ ብረት መስቀሉ ግን ከራጁ መንገድ መውጣት አለበት። ቆሞ በፊት ጥርሱ መንከሻውን ይነክሳል፣ ምላሱን ላንቃው ላይ ይለጥፋል፣ መሣሪያው ዙሮ እስኪጨርስ 15 ሰከንድ ያህል አይነቃነቅም። አገጩ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ቅርጹ ይዛባል። የሚነበበው የታችኛው መንጋጋ ነው፤ የላይኛውን ሥር ሳይነስ የሚባለው የፊት አጥንት ክፍተት ይጋርደዋል። የልደት ዘመን ሲጠየቅ ደግሞ «በኢትዮጵያ» ብላችሁ ተናገሩ። ጥር 2000 በአውሮፓ ጃንዋሪ 2008 ነው፤ 2000ን እንዳለ የመዘገበ ሰው ልጁን በ8 ዓመት አስረጅቶታል።

ለእናንተ ጉዳይ ግን እኛ ብንሆን መጀመሪያ የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ከዚያ የክርስትና ምስክር ወረቀት እንፈልግ ነበር። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ይጠመቃልና ከክርስትናው ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ፦ ጥር 11 የተወለደ ልጅ የልደቱ ዕለት ተቆጥሮ 40ኛ ቀኑ የካቲት 20 ላይ ይውላል። ወረቀቱ ከጠፋ የክርስትና አባቱን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ 23 ዓመቴ ነው፤ የጥበብ ጥርስ አንድም አላወጣሁም። ራጅ ብነሳ ልጅ ናት ልባል ነው?
ከጎርጎራ

መልስ፦ አይባልም። ከድድ መውጣቱ በመንጋጋ ላይ ባለው ቦታ ይወሰናል፤ ቦታ ያጣ ጥርስ አጥንት ውስጥ ተጋድሞም ሥሩን ያበቅላል፣ የሚነበበውም ሥሩ ነው። ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ደግሞ ቢያንስ አንዱ የጥበብ ጥርስ ከነጭራሹ አይፈጠርለትም። አራቱም ከሌሉ በዚህ መንገድ ምንም ማለት አይቻልም፤ ያኔ የሚታየው ከትከሻ እስከ ደረት የሚዘልቀው አጥንት፣ ማለትም ክላቪክል፣ ከደረት የሚገጥምበት ጫፍ ነው፤ የሚታየውም በሲቲ ስካን ነው።