ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ያዘው» የተባለው አንገት

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የምኖር የ3ኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ከአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳት የማይድነው የትኛው ነው? የ21 ዓመት ወንድሜ ሃሎፔሪዶል በጀመረ በ2ኛው ቀን ማታ አንገቱ ተጠመዘዘ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ። እናታችን «ያዘው» ብላ ሲነጋ እንጦጦ ማርያም ጠበል ወሰደችው፤ ከሰዓት ለቀቀው። መድኃኒቱን አቁመናል። እንዲህ ያለውን ቁርጠት የሚከላከለውን አርቴን የተባለ ክኒን ገዝቼ አብሬ ብሰጠውስ? ክኒኑን እንዲጀምር ያግባባኋቸው እኔ ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ያስጨነቀሽ የመጨረሻው ቃልሽ ነው። ወንድምሽን አልጎዳሽውም፤ አንገቱም ተጣሞ አይቀርም። ላይለቅ የሚችለው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚመጣው የከንፈርና የምላስ መንቀሳቀስ ነው፤ የእሱ ግን አኪዩት ዲስቶኒያ፣ ማለትም ድንገተኛ የጡንቻ ቁርጠት ነው። መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈውን የዶፓሚንን መቀበያ ስለሚዘጋ ጡንቻ ይኮማተራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፤ ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል።

«ያዘው» የሚለውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። አንድ ሌሊት በተረኝነት ሳለሁ አራት ሰው ጨብጦ ያመጣው ልጅ ነበር። ምላሱ ወጥቶ ቀርቷል፣ አክስቱ በሃይላንድ ጠበል ትረጨዋለች፣ እሱ እንባው ይወርዳል። ሁሉን ይሰማ ነበር! ቁርጠቱን የሚያስለቅቀውን መርፌ ወጋነው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ተመለሰና መጀመሪያ የጠየቀው ጫማውን ነው። ዲስቶኒያ ራሱም መጣ ሄድ ይላል፤ የወንድምሽም ከሰዓት የለቀቀው ለዚህ ነው። ጠበሉን አልከለክልም። ክኒኑን በጠበል ይዋጠው፣ እናትሽ ደስ ይበላት።

ሌሊቱን ቤት ማሳደራችሁ ግን አናዶኛል፤ ያውም ነርስ ልትሆኚ! ቁርጠቱ ጉሮሮ ላይ ቢወጣ፣ ድምፁ ቢታፈን፣ ምራቁን መዋጥ ቢያቅተው ምን ልታደርጊ ነበር? እንዲህ ካለ፣ ወይም ትኩሳት ይዞት ሰውነቱ ከደረቀና ከተደናገረ፣ ሳይነጋ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አርቴን ከፋርማሲ ገዝተሽ አትስጪ። ሲበዛ ያቃዣል፣ ሽንት ይይዛል፤ ሱስ የሆነበትም አለ። መጠኑን መቀነስ፣ መድኃኒቱን መለወጥ ወይም አርቴን መጨመር የአዘዘው ሐኪም ሥራ ነው። ማቆሙም ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል።

ነገ ጠዋት ይዘሽው ሂጂ። ካርዱንና የተረፈውን ክኒን አትርሺ፤ እናትሽም አብራ ትምጣ፣ ከሐኪሙ አፍ ትስማው።