ማመንጫው ካለ ሽቦው ለምን ገንዘብ ይበላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። መንግሥት የኤሌክትሪክ መስመሮችን ለማዘመንና ለማጠናከር ትልቅ በጀት ሊይዝ ነው። ማመንጫ ቢሠራበት ይገባኝ ነበር፤ ኃይል ይጨምራል። ሽቦዎቹና ትራንስፎርመሮቹ ግን አሁንም እየሠሩ ናቸው። የሚሠራን ነገር ለማደስ ይህን ያህል ማውጣት አይበዛም? ደግሞስ ለኩባንያዎቹ ለምን አይተውም? በጉዳዩ ላይ በሚደረግ የሕዝብ ውይይት ሐሳብ እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። ከመሄዴ በፊት እርስዎ ምን እንደሚሉ ልስማ ብዬ ነው።

መልስ፦ እንኳን ጠየቁኝ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎት፦ ይደግፉት። ሲደግፉ ግን ጠይቀው ይደግፉ። ምን ብለው እንደሚጠይቁ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሰብስቴሽን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ፣ ሪሌይ በመፈተሽ ነው። ሪሌይ መስመር ላይ ብልሽት ሲደርስ ለይቶ ብሬከሩን፣ ማለትም ትልቁን ማብሪያ ማጥፊያ፣ «መስመሩን ቁረጥ» ብሎ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ከምንፈትሻቸው አንዳንዶቹ እኔ ሳልወለድ የተገጠሙ ነበሩ። ፋብሪካቸው መለዋወጫ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። አንዱ ሲበላሽ፣ ከተነቀለ አሮጌ ሪሌይ ላይ ዕቃ እየፈታን እንገጥም ነበር። ከአጥሩ ውጭ ለሚያይ ሰው ያ ሰብስቴሽን ይሠራል። እኛ ግን ነፋስና መብረቅ ባለበት ሌሊት ሁሉ ስልክ እንዳይደወልልን እየሰጋን ነበር የምንተኛው። ስለዚህ «እየሠራ ነው» የሚለውን ቃል ስሰማ፣ እስከ መቼ ነው ብዬ መጠየቅ ልማዴ ሆኗል።

ማመንጫ ብቻ ይበቃል ለሚል ሰው ሁልጊዜ የምነግረው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2003 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ ኦንታሪዮ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው መብራት ጠፋበት። የኃይል እጥረት አልነበረም። ኦሃዮ ውስጥ ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉ መስመሮች ሞቀው ረገቡና ከሥራቸው ያልተከረከመ ዛፍ ነኩ። መስመሮቹ በዚያን ሰዓት ከአቅማቸው በላይ እንኳ አልተጫኑም ነበር። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌሩ ቆሞ ነበር፤ መቆሙንም ኦፕሬተሮቹ አላወቁም። አንዱ መስመር ከሥራ ሲወጣ ጭነቱ ወደ ሌላው ዞረ፤ ያም ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በጥቂት ደቂቃዎች አለቀ። ከ500 በላይ የማመንጫ ዩኒቶች ተዘጉ። ምንም ያልሆኑ፣ ደህና ማሽኖች ናቸው፤ ኃይላቸውን የሚወስድላቸው መስመር ግን ጠፋ።

ኤሌክትሪክ እንደዚህ ነው። የሚመነጨውና የሚበላው በየሰከንዱ እኩል መሆን አለበት። ሲበላለጡ ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ የሚመላለስበት ምት፣ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ማሽኖቹም ራሳቸውን ለማዳን ይወጣሉ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ሁለት ቀን በተከታታይ ይህን አየች። በሁለተኛው ቀን ከ600 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርበት አካባቢ መብራት ጠፋ።

አሁን «ማዘመን» የሚሉት ነገር በተጨባጭ ምን እንደሆነ ልንገርዎት። እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ሽቦ መቀየሩ ነው። የቆየው ሽቦ መሐሉ ብረት፣ ዙሪያው አሉሚኒየም ነው። ሲሞቅ ይረግባል፤ ስለዚህ ብዙ ኃይል መጫን አይቻልም። አሁን መሐሉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ሽቦ አለ። ሲሞቅ ብዙም አይረግብም። ማማዎቹ እዚያው ቆመው፣ ሽቦውን ብቻ በመቀየር የመስመሩን አቅም ወደ እጥፍ የሚጠጋ ማሳደግ ይቻላል። አዲስ መሬት አይወሰድም፤ ማንም ከቦታው አይነሳም። ይሁንና እንዲህ ያለ ሥራ ሪባን አይቆረጥለትም። ማማው ያው ነው፤ ፎቶ ቢነሳም ምኑም አዲስ አይመስልም። በጀት ሲቀነስ ቀድሞ የሚቆረጠውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ማየት መቻል ነው። የቆየው የክትትል ሥርዓት መስመሩን በየጥቂት ሰከንዱ አንዴ ያያል። አዲሶቹ መለኪያዎች በሰከንድ 30 ጊዜ ያነባሉ፤ ሁሉም ሰዓታቸውን ከሳተላይት ስለሚወስዱ ንባባቸው ይናበባል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ለኤሌክትሪክ መረቡ 4.5 ቢሊዮን ዶላር መድባ ነበር፤ ከ1,000 በላይ እንዲህ ያሉ መለኪያዎች የተተከሉትም በዚያ ገንዘብ ነው። ቴነሲ ውስጥ ያለችው የቻታኑጋ ከተማም ከዚሁ ገንዘብ 111 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታ በመስመሮቿ ላይ አውቶማቲክ ማብሪያ ማጥፊያዎች ገጠመች። ዛፍ ወድቆ መስመር ሲበጠስ የተበላሸችው ቁራጭ ብቻ ተለይታ ትቀራለች። ለቀሪው ሰፈር በሌላ መስመር መብራት ይመለሳል፤ ሠራተኛ በመኪና እስኪደርስ አይጠበቅም።

«ለኩባንያዎቹ ይተው» ላሉት ደግሞ ኩባንያ ያተረፈውን ይቆጥራል፤ አልፈርድበትም። ችግሩ የጠንካራ መስመር ጥቅም ለገነባው ብቻ አለመሆኑ ነው። ያልጠፋ መብራት ጥቅሙ ለሆስፒታሉ ነው፣ ለውኃ ፓምፑ ነው፣ ለዳቦ ቤቱ ነው። ያንን ሁሉ አስቦ የሚከፍል አንድ ኩባንያ የለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ገጠር ውስጥ ከ10 ቤት ወደ 9ኙ መብራት አልነበረውም። ለተራራቁ ጥቂት ቤቶች መስመር መዘርጋት አያዋጣም ተብሎ ነው። በ1935 መንግሥት የገጠር ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ለገበሬ ማኅበራት በዝቅተኛ ወለድ ማበደር ጀመረ። መስመሩን የዘረጉት ማኅበራቱ ራሳቸው ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው ገጠር መብራት ነበረው።

ገንዘብ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ግዴታም ያስፈልጋል። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2011 ብርድ መታትና መብራት በፈረቃ ሆነ። አጣሪዎች ማመንጫዎቹና የጋዝ መስመሮቹ ለብርድ ይዘጋጁ ብለው መከሩ። ምክር ብቻ ሆኖ ቀረ። በየካቲት 2021 የባሰ ብርድ መጣ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እነዚያ ሰዎች የሞቱት መፍትሔ ጠፍቶ አይደለም፤ መፍትሔው ከ10 ዓመት በፊት ተጽፎ ነበር። ይህንን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ውይይቱ ላይ ሦስት ነገር ይጠይቁልኝ። ከበጀቱ ስንቱ ለጥገና፣ ለዛፍ ክርከማና ለሠራተኛ ሥልጠና ተይዟል? መጠባበቂያ ትልቅ ትራንስፎርመር አለ ወይ? ይህ ከመደርደሪያ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ዛሬ ቢታዘዝ ከዓመት በላይ፣ አንዳንዴም ከሁለት ዓመት በላይ ይጠበቃል። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል፦ አንድ ደንበኛ በዓመት ስንት ጊዜና ለስንት ሰዓት መብራት እንደሚጠፋበት በየአካባቢው ተለክቶ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል? ይህ ቁጥር ሥራው ከመጀመሩ በፊት ካልተያዘ፣ ሲያልቅ መሻሻሉን ማንም ማረጋገጥ አይችልም።

ጥያቄ፦ ስማርት ቆጣሪ ሊገጠምልን ነው። ሂሳብ ይጨምራል፣ ቤት ውስጥ የምናደርገውንም ይሰልላል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ቆጣሪው በራሱ ታሪፍ አይጨምርም። ያረጀ ባለ ዲስክ ቆጣሪ ግን ሲያረጅ ብዙ ጊዜ አሳንሶ ይቆጥራል። እንዲህ ከሆነ አዲሱ ሲገባ ሂሳብዎ ከፍ ሊል ይችላል።

የሚሰማም የሚያይም ነገር የለውም። በየሰዓቱ ወይም በየ15 ደቂቃው የበሉትን ኃይል ይመዘግባል። ከዚህ ግን ሰው ቤት መኖር አለመኖሩን መገመት ይቻላል፤ ስለዚህ ስጋትዎን አላጣጥለውም። መረጃውን ማን ይይዛል፣ ለማን ይሰጣል፣ መቼ ይጠፋል የሚለው በደንብ እንዲጻፍ መጠየቅ መብትዎ ነው። ጥቅሙ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ብዙዎቹ አዳዲስ ቆጣሪዎች የመጨረሻ መልእክት ልከው ነው የሚጠፉት፤ እርስዎ ሳይደውሉ ጥገና ክፍሉ ብልሽቱ የት እንዳለ ያውቃል።

የሚቀየርበት ቀን ቤት ይሁኑ። የአሮጌውን የመጨረሻ ንባብና የአዲሱን መነሻ ንባብ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሂሳቦች ሲመጡ ከፎቶው ጋር ያስተያዩ።