የፋብሪካ አውቶሜሽንን ለመማር፦ ከባሕር ዳር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

እነዚህን ጥያቄዎች ያቀረቡልኝ በባሕር ዳር የምህንድስና ተማሪዎችና በከተማዋ ፋብሪካዎች የጥገና ክፍል የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ተቀራራቢዎቹን አጣምሬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ስለ ዘመናዊ ፋብሪካ ሲነገር ሮቦትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጠቀሳሉ፤ ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ከሁለቱም አትጀምር። አንድ ሞተር በኮንታክተር (የሞተሩን ኃይል በሚያበራና በሚያጠፋ ማግኔታዊ ማብሪያ)፣ በኦቨርሎድ ሪሌይ (ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን በሚያቋርጥ መከላከያ) እና በሁለት ቁልፎች እንዴት እንደሚነሣና እንደሚቆም መጀመሪያ በእጅህ ሽቦ እየዘረጋህ ተማር። ፒኤልሲ፣ ማለትም ማሽኖችን በፕሮግራም የሚቆጣጠረው የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር፣ የተወለደው ከዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔራል ሞተርስ በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚሠሩ ማብሪያዎች) የተሞሉ የመቆጣጠሪያ ሳጥኖችን የሚተካ፣ የምርት ሞዴል በተለወጠ ቁጥር ሽቦ መፍታት የማያስፈልገው መሣሪያ በፈለገ ጊዜ፣ የዲክ ሞርሊ ቡድን ሞዲኮን 084 የተባለውን ሠራ። ላደር የሚባለው የፕሮግራም አጻጻፍ የሪሌይ ንድፍ የሚመስለውም ኤሌክትሪሺያኖች በሚያውቁት ሥዕል እንዲሠሩ ታስቦ ነው።

ጥያቄ፦ ፒኤልሲ ለመግዛት አቅም የለኝም።

መልስ፦ ኮዴሲስ የተባለው የፒኤልሲ ፕሮግራም መጻፊያ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ያለ መሣሪያም በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ያሠራሃል። ኦፕን ፒኤልሲ የተባለው ሌላ ሶፍትዌር ደግሞ አርዱዪኖ በምትባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ይሠራል። ሁለቱም አይኢሲ 61131-3 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ስለሚከተሉ፣ የተማርከው በሌሎች አምራቾች ፒኤልሲም ያገለግልሃል።

ጥያቄ፦ ሴንሰሮች ለምን ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ይልካሉ? ከ0 ቢጀምሩ አይቀልም ነበር?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ ደስ ያሰኘኝ ጥያቄ ይህ ነው። የታንክ ውኃ ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ባዶውን በ4፣ ሙሉውን በ20 ሚሊአምፔር ያመለክታል እንበል። ሽቦው ቢበጠስ ንባቡ 0 ይሆናል፤ 0 ደግሞ ከልኬቱ ውጪ ስለሆነ ፕሮግራሙ ብልሽት መኖሩን ዐውቆ ፓምፑን ማቆም ይችላል። ልኬቱ ከ0 ቢጀምር ኖሮ፣ የተበጠሰው ሽቦ ባዶ ታንክ መስሎ ፓምፑ ታንኩ ሞልቶ እስኪፈስም ድረስ ይሠራ ነበር። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍም በዚሁ አሳብ የተሠራ ነው፤ ሳይነካ ዝግ የሆነ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ፣ ኮንታክት ስላለው፣ ሽቦው ቢላቀቅ ማሽኑ ይቆማል። ይህን ቁልፍ ለፕሮግራም ብቻ አትተዉት፤ የኮንታክተሩን ኃይል በቀጥታ ማቋረጥ አለበት። በእኔ እምነት የዚህ ሙያ ዋናው ትምህርት ማሽኑ አንድ ነገር ሲጎድልበት ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መወሰን ነው፤ በደህናው ጊዜ የሚሠራውን መጻፍ ቀላሉ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽናችን ከየት ይቀጥል?

መልስ፦ በራሱ ፈጽሞ አይነሣ። መብራት በጠፋበት ሰዓት ሠራተኛው የተጠመጠመ ክር ለማስለቀቅ እጁን አስገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ኦፕሬተሩ አይቶ የማስነሻውን ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ይጠብቅ። የተቆጠረውን ምርት ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋው ማኅደር አስቀምጡ፤ ሲሊንደሩ (የማሽኑን ክፍል ወዲያና ወዲህ የሚገፋው) የት እንደቆመ ግን ከማኅደሩ ሳይሆን ከሴንሰሩ አንብቡ።

ጥያቄ፦ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተራችን ከሞተሩ ጋር በኪሎዋት እኩል ሆኖ ሳለ በሙሉ ጭነት እየሞቀ ይቆማል።

መልስ፦ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አብዛኞቹ ኢንቨርተሮች የተጻፈባቸውን ሙሉ አቅም የሚሰጡት እስከ 1,000 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳና ሙቀት የመውሰድ ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ለየ100 ሜትሩ በተለምዶ 1 በመቶ ይቀነሳል፤ ለእኛ 8 በመቶ ያህል ማለት ነው። የሳጥኑን ማራገቢያና ማጣሪያ አጽዱ፤ የጥጥ ብናኝ ባለበት ቤት ይህ ቶሎ ቶሎ ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ግዢ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ምረጡ።

ጥያቄ፦ በሽመና ክፍል ጥገና እሠራለሁ። ያረጁ ማሽኖቻችንን ሳንጥል ወደ ዘመናዊው አሠራር መግባት እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ። ጨርቃ ጨርቅ በባሕር ዳር ከስልሳ ዓመት በላይ የቆየ ሥራ ነው፤ በነባሮቹ ማሽኖች ላይ ያለው የሠራተኞች ዕውቀትም ብዙ ነው። በአንድ ማሽን ላይ ዙር የሚቆጥር ሴንሰርና በሞድበስ (መሣሪያዎች መረጃ በሚለዋወጡበት የግንኙነት ደንብ) የሚነበብ የኃይል ቆጣሪ ግጠሙ። ማሽኑ ሲቆም ኦፕሬተሩ ምክንያቱን፣ ማለትም ድር መበጠስ፣ ማግ መበጠስ ወይም የመብራት መቋረጥ መሆኑን፣ በቁልፍ እንዲመርጥ አድርጉ። የድር መበጠስ የሚበዛው በአንዱ ማሽን ላይ ብቻ ከሆነ ማሽኑን፣ በሁሉም ላይ ከሆነ ክሩንና የድር ዝግጅቱን ትመረምራላችሁ። የምክንያቶቹን ዝርዝር ከሸማኔዎቹ ጋር ሆናችሁ ጻፉት፤ መረጃው ለቅጣት እንደማይውልም ኃላፊዎቹ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ከተጠራጠሩ ትክክለኛውን ቁልፍ አይጫኑትምና።