«የአሞኒያ ባክቴሪያ አጥንተሽ ማን ይቀጥርሻል?»

ጥያቄ፦ በማይክሮባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ለማስተርስ መመረቂያዬ በፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ረቂቅ ተሕዋስያንን በዘረመል ትንተና ላጠና አስቤያለሁ። ቤተሰቦቼ «ማን ይቀጥርሻል?» ይሉኛል። ርዕሱን ልተወውና ወደ ሕክምና ላቦራቶሪ ልዙር?

መልስ፦ እህቴ፣ የቤተሰቦችሽ ጥያቄ ተገቢ ነው። የአሞኒያ ባክቴሪያ ባለሙያ የሚፈልግ የሥራ ማስታወቂያ አታገኚም። ቀጣሪ የሚፈልገው ከማጣሪያው በሚወጣው ውሃ ውስጥ አሞኒያ ሲጨምር ምክንያቱን ደርሶበት የሚያስተካክል ሰው ነው። ስለዚህ ርዕሱን አትጣዪው፤ አቅጣጫውን ግን ቀይሪው። የሕክምና ላቦራቶሪ የራሱ ትምህርትና የሙያ ፈቃድ ያለው ዘርፍ ስለሆነ፣ እንዳሰብሽው አቋራጭ አይሆንልሽም።

አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች፣ ናይትሮሶሞናስና ዘመዶቹ፣ ቀርፋፋ ናቸው። ሌሎቹ ባክቴሪያዎች በጥቂት ሰዓታት ሲራቡ እነርሱ ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይወስድባቸዋል። የጣቢያው ሠራተኛ የሚኖሩበትን ዝቃጭ ቶሎ ቶሎ ካስወገደ ታጥበው ይወጣሉ፤ አሞኒያውም ሳይነካ ያልፋል። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ሲለወጥ 4.57 ግራም ያህል ኦክስጅን ይጠይቃል፤ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ ደግሞ 7.14 ግራም ያህል አልካላይኒቲ (ውሃው አሲድን የሚያረግብበት አቅም) ይበላል። ኦክስጅኑ ለኤሌክትሪክ የሚከፈል ገንዘብ ነው። አልካላይኒቲው ሲያልቅ ውሃው አሲዳማ ይሆንና ሥራው ይቆማል። መካኒኩ የአየር መንፊያውን ይጠግናል፤ መንፊያው ደህና ሆኖ አሞኒያው ለምን እንዳልወረደ የምታስረጂው ግን አንቺ ነሽ።

የት ትሠሪያለሽ? የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎችን አስቢ። በቆዳ ሥራ ፀጉሩን ለማራገፍ የገባውን ኖራ ከቆዳው ለማውጣት የአሞኒየም ጨው የተለመደ በመሆኑ ፍሳሹ ናይትሮጅን ይበዛበታል፤ በዚያው ፍሳሽ ያለው ክሮምና ሰልፋይድ ደግሞ አሞኒያውን ሊያስወግዱ የሚችሉትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል። ይህን ችግር የሚረዳ ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም። በአዲስ አበባ የቃሊቲው ጣቢያም አለ፤ መጀመሪያ ፍሳሹ አየር በሌለበት ታንክ ያልፋል። ይህ ደረጃ ኦርጋኒክ ቆሻሻውን ይቀንሳል እንጂ አሞኒያውን አያስወግድም። ስለዚህ ቀጥሎ ባሉት ማጣሪያዎች ላይ የሚያድገው ሕያው የባክቴሪያ ልባስ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ መለካት ራሱን የቻለ የመመረቂያ ርዕስ ይወጣዋል።

የዘረመል ትንተናውን በጥቂት ናሙናዎች ወስኚው። በየሳምንቱ ግን አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬት፣ አልካላይኒቲ፣ ሙቀትና የሟሟ ኦክስጅን ለኪ። (አማካሪ መምህራን ዘረመል ሲባል ዓይናቸው ይበራል፤ ፋብሪካ ግን ሰንጠረዡን ነው የሚያነበው።) ወደ ምርምር ካዘነበልሽም መስኩ ገና ሞቅ ያለ ነው፦ ሁለቱን ደረጃዎች (ከአሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከናይትራይት ወደ ናይትሬት) ብቻውን የሚሠራ ናይትሮስፓይራ የተባለ ባክቴሪያ የታወቀው በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ለውጭ ትምህርት የኔዘርላንዱን የውሃ ትምህርት ተቋም አይ ኤች ኢ ዴልፍትን ተመልከቺ፤ አሞኒያን ያለ ኦክስጅን የሚያስወግደው የአናሞክስ ዘዴ በሙሉ መጠን መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው አገር፣ በሮተርዳም ነው።

አሁን ለአንድ ጣቢያ ኃላፊ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ። ናሙና የመውሰድ ፈቃድ ጠይቂ፤ በምላሹም ውጤቱን ለሠራተኞቹ በአማርኛ፣ በሁለት ገጽ እንደምታቀርቢ ቃል ግቢ። ደብዳቤውን ግን በፖስታ አትላኪው፤ ራስሽ ይዘሽ ሂጂ።