ራውተሩን ልቀይረው ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ የምከፍለው ለ25 ሜጋቢት ነው። ዋይፋዩ ሳሎን ደህና ነው፣ መኝታ ቤት ግን ወደ 5 ይወርዳል። ዋይፋይ 6 (ከቀድሞዎቹ የፈጠነ የዋይፋይ ትውልድ) ያለው ራውተር ልግዛ?

መልስ፦ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ላፕቶፕዎን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ፍጥነቱን ይለኩ። በኬብልም፣ ሳሎን በዋይፋይም 24 ገደማ ካገኙ ጥፋቱ የግድግዳው ነው፤ ብሎኬትና አርማታ ከዋይፋይ ሞገዶች (2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ) በተለይ 5ቱን ክፉኛ ያዳክሙታል። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ (ብዙ ሰው የሚደብቀው እዚያ ነው) አውጥተው ኮሪደር ላይ ከፍ አድርገው ይስቀሉት። መኝታ ቤት 2.4ቱን ይጠቀሙ፤ በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ቻናሉን (የሞገዱን ክፍል) 1፣ 6 ወይም 11፣ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ያድርጉት።

ካልበቃ ካት 6 የተባለውን የኔትወርክ ኬብል ዘርግተው ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት (በኬብል የመጣውን መስመር በዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ይትከሉ። አሮጌ ራውተር ለዚህ ይበቃል፤ ዲኤችሲፒውን (ለስልክና ለኮምፒውተር የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት) ግን ያጥፉት፣ ሁለቱም አድራሻ ካደሉ መስመሩ ይምታታል። ዋናውን መቀየር የሚያዋጣው 2.4 ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ወይም ከ100 ሜጋቢት በላይ እየከፈሉ የራውተሩ የኬብል መሰኪያ በ100 የተገደበ ከሆነ ነው።