ክሬዲቱ ተቀባይነት አገኘ፤ ታዲያ ለምን አልተቆጠረም?

ስለ ኮሌጅ ዝውውር ከአሜሪካ አንባቢያን የደረሱንን ሦስት ጥያቄዎች በዚህ እትም እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ 62 ክሬዲት ጨርሼ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛወርኩ። ዩኒቨርሲቲው 62ቱንም ተቀብያለሁ ብሎ ጻፈልኝ። 58 ይቀረኛል ብዬ ስጠብቅ አድቫይዘሯ 75 ይቀርሃል አለችኝ። ክሬዲቶቼ የት ገቡ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ትራንስክሪፕትዎ ላይ አሉ፤ የተቀመጡበት ቦታ ነው ችግሩ። ሬጅስትራሩ ክሬዲት ሲቀበል በአብዛኛው የሚያየው የቀድሞው ኮሌጅ እውቅና እንዳለውና ውጤቱ ሲ ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ነው። ኮርሱ ለሜጀሩ ይቆጠር እንደሆነ የሚወስነው ግን ዲፓርትመንቱ ነው። ኮሌጅ አልጀብራ 3 ክሬዲቱን ይዞ ያልፋል፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ሒሳብ ግን ከካልኩለስ ስለሚጀምር አልጀብራው ነጻ ኢሌክቲቭ (ለሜጀሩ የማይቆጠር የምርጫ ኮርስ) ሆኖ ይቀራል። በፓይተን የተማሩት ፕሮግራሚንግም፣ አዲሱ ትምህርት ቤት በጃቫ የሚሰጡ ተከታታይ ኮርሶችን የሚጠይቅ ከሆነ ዕጣው ያው ነው። ለዲግሪው ከሚያስፈልገው 120 ክሬዲት ውስጥ ለነጻ ኢሌክቲቭ የሚተወው ቦታ በሳይንስና በኢንጂነሪንግ ጠባብ ነው። ያ ቦታ ከሞላ በኋላ የመጣው ሁሉ ትራንስክሪፕት ከማሳመር ሌላ ጥቅም የለውም። የእርስዎም 17 ክሬዲት እዚያ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም።

ይህ የደረሰው በእርስዎ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ኮሌጅ የቀየሩ ተማሪዎች በግምት 43 በመቶ የሚሆን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገልጿል።

የዲግሪ ኦዲትዎን (የትኛው ኮርስ ለየትኛው የዲግሪ መስፈርት እንደተቆጠረ የሚያሳየውን ዝርዝር) ያትሙና «ኢሌክቲቭ» ተብለው የተቀመጡትን ኮርሶች ለይተው ያስምሩባቸው። ከእነሱ ውስጥ የሜጀሩን ኮርስ የሚመስል ካገኙ ድጋሚ እንዲገመገም ያመልክቱ፤ ማመልከቻው ለአድሚሽን ሳይሆን ኮርሱን ለሚያስተምረው ዲፓርትመንት ይሂድ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ከካታሎግ የገለበጣትን አራት መስመር መግለጫ ብቻ አያይዞ ነው። መያያዝ ያለበት ኮርሱን የወሰዱበት ሴሚስተር ሲላበስ (የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ) ነው፤ በየሳምንቱ የተሸፈነው ርዕስ፣ የመማሪያ መጽሐፉ፣ የፈተናውና የፕሮጀክቱ ድርሻ፣ ላብ ካለውም የላብ ሰዓቱ ይታይበት። የሌላ ዓመት ሲላበስ ማቅረብ ውድቅ ሊያስደርግ ይችላል። ከእጅዎ ከጠፋ የቀድሞው ኮሌጅ የዲፓርትመንት ቢሮ ውስጥ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ውሳኔው ሳይመጣ ያንኑ ኮርስ ደግመው አይመዝገቡ፤ ከደገሙት የድሮው ክሬዲት እንደ ድግግሞሽ ተቆጥሮ ሊሰረዝ ይችላል።

ገና ያልተዛወራችሁ ደግሞ ለክላስ ከመመዝገባችሁ በፊት ኮርሱ በምን እንደሚተካ ሜሪላንድ ውስጥ በአርትሲስ፣ ቨርጂኒያ በትራንስፈር ቨርጂኒያ፣ ካሊፎርኒያ በአሲስት ድረ ገጽ ተመልከቱ። ስትፈልጉ በኮሌጁ ስም ብቻ አትቁሙ፤ እስከ ሜጀሩ ድረስ ውረዱ።

ጥያቄ፦ ሲያትል ኮሚኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ። ከሦስቱ የጄኔራል ኬሚስትሪ ኮርሶች ሁለቱን ጨርሻለሁ። ቤተሰቦቼ ወዳሉበት ቨርጂኒያ አሁኑኑ ልሂድ ወይስ ሦስተኛውን ልጨርስ? (ከሲያትል)

መልስ፦ ይጨርሱ። የዋሽንግተን ስቴት ኮሚኒቲ ኮሌጆች በኳርተር (ከሴሚስተር ባጠረ የትምህርት ወቅት) ነው የሚያስተምሩት፤ ቨርጂኒያ በሴሚስተር። አንድ የኳርተር ክሬዲት የሴሚስተሩ ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ 90ው 60 ይሆናል። ይህ ሒሳብ ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው ተከታታዩን ኮርስ መሃል ላይ መቁረጥ ነው። የሦስት ኳርተር ኬሚስትሪ በአብዛኛው ከሁለት ሴሚስተር ጋር ይተካካል፤ ሁለቱን ብቻ ይዘው ከሄዱ አንደኛው ሴሚስተር ይሞላልዎታል፣ የሁለተኛው ሲሶ ያህል ተንጠልጥሎ ይቀርና ሁለተኛውን ኮርስ ከመጀመሪያው መውሰድ ግድ ይሆናል። ካልኩለስም እንደዚሁ ነው። የስፕሪንግ ኳርተር በሰኔ ስለሚያልቅ ለፎል ሴሚስተር ይደርሳሉ። ትራንስክሪፕት ሲያዙ «ውጤት እስኪገባ ይቆይ» የሚለውን ይምረጡ፤ አለበለዚያ የመጨረሻው ኳርተር ሳይኖርበት ይላካል።

ጥያቄ፦ ልጄ በፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ) ነው የምትማረው። አምስተኛው ሳምንት ላይ ናት፤ ትታ ሌላ ኮሌጅ ልግባ ትላለች። ምን ይከተላል? (አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ዕዳ ሊከተል ይችላል። የፌዴራል እርዳታ በተማረችበት ቀን ልክ ነው የሚታሰበው። ሴሚስተሩ 15 ሳምንት ከሆነ በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ያገኘችው ሲሶውን ያህል ነው። ቀሪው የሚመለስ ገንዘብ ነው፤ ኮሌጁ ድርሻውን ለመንግሥት ይመልስና ለትምህርት ክፍያው የጎደለውን ልጅዎን ይጠይቃል። ከሴሚስተሩ 60 በመቶው፣ ማለትም ዘጠነኛው ሳምንት፣ ካለፈ ግን እርዳታው እንደተገኘ ይቆጠራል። ያልተከፈለ ሒሳብ ካለ ደግሞ አንዳንድ ኮሌጆች ትራንስክሪፕቱን ይይዛሉ፤ ያለ እሱ ደግሞ ዝውውሩ አይሳካም።

ከሁሉም የከፋው ሳይናገሩ መቅረት ነው፤ ደብልዩ (ኮርሱን በይፋ ማቋረጥ) የሚሆነው ኤፍ (መውደቅ) ይሆናል። ደብልዩም ቢሆን ነጻ አይደለም፤ እርዳታው እንዲቀጥል በአብዛኛው ከሞከረቻቸው ክሬዲቶች 67 በመቶውን ማለፍ አለባት፤ ደብልዩ ደግሞ እንደሞከረች ነው የሚቆጠረው።

ስለዚህ ሴሚስተሩን ትጨርስ። እስከዚያ ፋፍሳዋ (የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻዋ) ላይ የአዲሱን ኮሌጅ ኮድ ትጨምር፤ ፔል ለአንድ ወቅት ከሁለት ኮሌጅ አይከፈልም። ፌዴራል ብድርም ካላት በመካከል አንድ ሴሚስተር አትረፍ፤ ከግማሽ ጊዜ ተማሪነት በታች ስትወርድ ብድሩን መክፈል ሳትጀምር የምትቆይበት የስድስት ወሩ የእፎይታ ጊዜ መቁጠር ይጀምራል፣ ካለቀም ለዚያ ብድር ዳግም አይሰጥም።