መልስ፦ ማታ አጥፍቼው ሄጄ ጠዋት «ሪስታርት አድርጊው» ይሉኛል
«ኮምፒውተሬን ማታ ማታ አጥፍቼ ነው የምወጣው፤ ታዲያ የአይቲው ልጅ በመጣ ቁጥር ሪስታርት አድርገሽዋል ወይ የሚለኝ እያሾፈብኝ ነው?» ላልሽው፦ አይ እህቴ፣ ልጁ እውነቱን ነው። የሚያሾፍብሽ ኮምፒውተሩ ነው።

ዊንዶውስ 8 በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ «ሻት ዳውን» ሲባል ብዙ ጊዜ የምሩን አይጠፋም። ፋስት ስታርትአፕ የሚሉት ነገር አለ፤ የከፈትሻቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋና ከርነሉን (የዊንዶውስን እምብርት) ከነድራይቨሮቹ (እንደ ፕሪንተር ያሉ ዕቃዎችን ከኮምፒውተሩ ጋር ከሚያግባቡት ፕሮግራሞች ጋር) ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ጠዋት ያንኑ አንስቶ ይቀጥላል፤ ትናንት የተወላገደው ድራይቨር ዛሬም እንደተወላገደ አብሮሽ ሥራ ይገባል። ከዜሮ የሚጀምረው «ሪስታርት» ነው። ስሙ የተገላቢጦሽ መሆኑ እኔንም ያበግነኛል።

ይህን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ከፕሪንተር ጋር ተፋጥጫለሁ። እኔ አጠፋለሁ፣ እሱ «ኦፍላይን» ይላል፤ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ አጠገቤ ተቀምጦ እኮ ነው! ሪስታርት ሲደረግ የተጠራቀመው ወረቀት ተግተለተለ፣ አንዷ ደብዳቤ ብቻ 11 ጊዜ።

ሺፍትን እንደተጫንሽ «ሻት ዳውን» በዪው፤ ያኔ በትክክል ይጠፋል። ለዘለቄታው ከሆነ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተሽ ፋስት ስታርትአፕ የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሺለት። ልጁንም ይቅርታ በዪው።